ገመዱን ለመዳር ሽማግሌ ተላከ፦ ሳይት ላይ ስለ አደጋ መቀለድ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሳይት ላይ ሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ። ወደ 140 ሠራተኛ አለን፤ አብዛኛው የቀን ሠራተኛ ነው። የጠዋቱን ቱል ቦክስ፣ ማለትም ከሥራ በፊት የምሰጠውን አጭር የደህንነት ገለጻ፣ ማንም አይሰማኝም። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል። ባለፈው ሳምንት ከሁለት ልጆች ጋር አጭር ጭውውት ሠራን። አንዱ ሄልሜት የማያደርግ ሞኝ ሠራተኛ ሆነ። ሌላው እንደ ፎርማናችን እየጮኸ «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» አለ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ፎርማኑ ግን ተቀየመኝ። አንድ ብረት ሠራተኛ ደግሞ ጥሎን ወጣ። ወንድሙ ሌላ ሳይት ላይ ወድቆ እንደሞተ የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስለ አደጋ መቀለድ ነውር ነው? ወይስ አቀራረቤ ነው የተበላሸው? 5ኛ ፎቅ ላይ ያለው የሊፍት ጉድጓድም እስካሁን አልተከደነም። እሱንም በቀልድ ላነሳው አስቤ ነበር።

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወደዚያ ብረት ሠራተኛ ሂጂ። ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው። የሻይ ሰዓት ጥሩ ነው። ነፍስ ይማር በይው። ወንድሙን እንዳጣ እንዳላወቅሽ ንገሪውና ይቅርታ ጠይቂው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ዓላማዬ እኮ ማስተማር ነበር» የሚለውን ተይው። እሱ አሁን ማብራሪያ አይፈልግም። የወንድሙን ታሪክ ለሠራተኛው እንዲናገርም አትጠይቂው። አንዳንድ አሠልጣኞች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሐዘንተኛን መድረክ ላይ ማቆም ነው፤ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ቀን ራሱ «ልናገር» ካለ ያኔ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ነውር አይደለም። እኔ ለዓመታት በቀልድ አስተምሬያለሁ፤ ወደፊትም አስተምራለሁ። ግን ያ ልጅ ለምን እንደወጣ በደንብ መረዳት አለብሽ። ቀልድ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየን እሱ ነው።

በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፒተር ማግሮው እና ኬሌብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ሰው የሚስቀው ሁለት ስሜቶች አንድ ላይ ሲመጡበት ነው። አንዱ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» የሚለው ነው። ሌላው «ግን የሚጎዳ አይደለም» የሚለው። ጓደኛሽ ሲኮረኩርሽ ትስቂያለሽ። የማታውቂው ሰው መንገድ ላይ ቢኮረኩርሽ ትጮኺያለሽ። ድርጊቱ አንድ ነው። «የሚጎዳ አይደለም» የሚለው ግማሽ ጠፋ። ያ ብረት ሠራተኛም እንደዚያው ነው። የቀሩት ሰዎች ያዩት ጓደኛቸው ሞኝ ሆኖ ሲጫወት ነው። እሱ ያየው ወንድሙን ነው። ለእሱ ሁለተኛው ግማሽ የለም፤ ተመልሶም አይመጣም።

ከዚህ ተነስቼ የምነግርሽ አንድ ነገር አለ። በተጎዳው ሰው ላይ አትቀልጂ። ሊጎዳ በሚችለው ሰው ላይም ቢሆን አትቀልጂ። ቀልድሽ ሰውየውን ወደ ጉዳት የገፋውን ነገር ይምታ። ችኮላውን፣ ሰበቡን፣ «ለዛሬ ብቻ ነው» የምትለዋን ቃል፣ የበሰበሰውን ጣውላ። ሄልሜት የማያደርግ «ሞኝ» ስትሠሪ ግን የመታሽው ሰውየውን ነው። ወድቆ የሞተ ሁሉ ሞኝ ነበር ማለትሽ ሆነ። ያ ብረት ሠራተኛ የሰማው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ሳይታችሁ ላይ ቀልድ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም። ከአንቺ በፊት ነበር። ገመድ ያሰረውን «ፈሪ» ይሉታል። ሄልሜቱን አገጩ ሥር አጥብቆ ያሰረውን «ሙሽራው መጣ» ይሉታል። ጓንት ያደረገው «እጁ እንዳይጠቁር» ይባላል። ከክፍለ ሀገር የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ሥራ በጀመረ በሦስተኛ ቀኑ ሴፍቲ ቤልቱን ለምን ይፈታል? መመሪያ ስላልተነገረው አይደለም፤ አንቺ በየጠዋቱ ነግረሽዋል። ተረቡን ስለፈራ ነው። እኛ አገር ሰው ፎቅ ላይ ከመውጣት ይልቅ መሳቂያ መሆንን ይፈራል። ይህን ደግመሽ ደጋግመሽ አስቢበት።

ስለዚህ ተረቡ እዚያው አለ፤ አሁን የቆመው ከአደጋው ጋር ነው። የአንቺ ሥራ ወገን ማስቀየር ነው። ገመድ ያሰረው ልጅ የሚሳቅበት ቀርቶ «ለዛሬ ብቻ» ያለው ሰበብ የሚሳቅበት ሲሆን፣ ያኔ አሸነፍሽ።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ላሳይሽ።

ጀርመኖች ስለ ፎርክሊፍት (ዕቃ ማንሻ መኪና) ነጂው ክላውስ የሚያወራ አጭር ፊልም አላቸው። ዮርግ ቫግነር እና ሽቴፋን ፕሬን የሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ሲጀምር ልክ እንደ ድሮው የሥራ ደህንነት ማስተማሪያ ፊልም ነው። ክላውስ የፎርክሊፍት መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ የመጀመሪያ ቀኑን ይጀምራል። ተራኪው ኤጎን ሆገን ነው። ጀርመኖች ድምፁን ለብዙ ዓመታት ከሄደ የቴሌቪዥን የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ያውቁታል። ድምፁ የተረጋጋ፣ ጨዋ፣ አባታዊ ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ነገሩ ከአንዱ አደጋ ወደ ባሰ አደጋ ይሄዳል። ደሙ ይፈሳል፣ ድምፁ ግን ቅንጣት አይለወጥም። የሚያስቀው ይኼ ነው። ፊልሙ ቀልድ ሆኖ ተሠርቶ ሳለ እውነተኛ የፎርክሊፍት አሠልጣኞች ለሠልጣኞቻቸው ማሳየት ጀመሩ። ምክንያቱም እያንዳንዱ አደጋ ከእውነተኛ ሕግ ጥሰት የመጣ ነው። ሰውን በፎርክሊፍቱ የማንሻ ሹካ ላይ አቁሞ ወደ ላይ ማንሳት አንዱ ነው። ይህን መጋዘን ውስጥ የሠራ ሁሉ አይቶታል።

ፊልሙ የሚያላግጠው በሠራተኛው ላይ ብቻ አይደለም። የድሮውን ደረቅ የማስተማሪያ ፊልም ያላግጥበታል። ማለትም በእኛ፣ በደህንነት ባለሙያዎች አነጋገር። ሠራተኛው ይህንን ሲያይ «እንዲህ አሰልቺ እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ጆሮውን ይሰጥሻል። አንቺም ከዚህ ጀምሪ። የመጀመሪያው ጭውውት የሴፍቲ ኦፊሰሯን ንግግር ያስመስል። ወረቀት ይዛ ሃያ ደቂቃ ታነባለች፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያንቀላፋል፣ ከኋላዋ ጣውላው ይወድቃል። ሌላ ሰው አንቺን ሆኖ ይጫወት። ይህን ከፈቀድሽ በኋላ ሌላውንም መንካት ትችያለሽ።

ፊልሙን ግን ሳይታችሁ ላይ አታሳዪ። እኔ አንድ ጊዜ ለመጋዘን ሠራተኞች አሳይቼዋለሁ። ወጣቶቹ ሳቁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ምን እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲህ ዘዴውን ወሰድኩ፣ ደሙን ተውኩት።

ለእናንተ በጣም የሚስማማው ናፖ ነው። ናፖ የካርቱን ሠራተኛ ነው። የጀርመን፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያን እና የሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሥራ ደህንነት ተቋማት ተባብረው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሚያሠሩት ነው። ቢልባኦ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ደህንነት ኤጀንሲም አለበት። ካርቱኑ የሚሳለው ስትራስቡርግ ነው። ፊልሞቹን ከኢንተርኔት በነፃ ማውረድ ይቻላል። ትልቁ ነገር ግን አይናገርም። ቋንቋ የለውም። ያጉረመርማል፣ ይገረማል፣ ይደነግጣል፣ ያፏጫል። ያ ብቻ ነው። ሳይታችሁ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ የሚናገር ሰው ጎን ለጎን እንደሚሠራ እገምታለሁ። አንቺ በአማርኛ ስትናገሪ ስንቱ በጨዋነት ራሱን እየነቀነቀ እንደሚያልፍ አስቢ። ናፖን ግን ሁሉም እኩል ይረዳዋል።

የናፖ ሁለተኛ ጥበብ ጠባዩ ላይ ነው። ሞኝ አይደለም። ሥራውን የሚወድ፣ እሺ የሚል ሰው ነው። አንዳንዴ ይሳሳታል። አንዳንዴ ደግሞ ስህተቱ የእሱ አይደለም፤ አለቃው ያጣድፈዋል፣ ማሽኑ መከለያ የለውም። ብዙ ጊዜ መፍትሔውን የሚያመጣውም እሱ ነው። ሠራተኛው ሲያየው «ይሄ እኔ ነኝ» ይላል እንጂ «ይሄ ያ ደደብ ነው» አይልም። የአንቺ ጭውውት ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። ሠራተኛው እንዲሳሳት ተደረገ፤ ትክክለኛውን ነገር እንዲያገኝ ግን ዕድል አልተሰጠውም።

ከእንግሊዝ ደግሞ መጥፎ ምሳሌ አለ። እዚያ ለብዙ ዓመታት የጋዜጣና የመጠጥ ቤት ቀልድ ሁሉ በራሱ በደህንነት ሕግ ላይ ነበር። የዛፍ ፍሬ በክር አስረው እርስ በርስ የሚያጋጩ ልጆች መነጽር እንዲያደርጉ ሕግ ወጣ ተባለ። የሰርከስ አክሮባቶች ሄልሜት ታዘዙ ተባለ። እንዲህ የሚል ሕግ አልነበረም። የአገሪቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እነዚህን ተረቶች አንድ በአንድ ማስተባበል ያዘ። በ2012 ለዚሁ ብቻ ኮሚቴ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን የደህንነትን «ባህል» ለአንዴና ለመጨረሻ እንደሚያጠፋ ተናገረ። ሳቁ ሲጠራቀም ፖለቲካ ሆነ። በሌለ ሕግ የሳቀ ሰው ባለው ሕግም ይስቃል። ስለዚህ «ሴፍቲ ማለት ፊርማና ወረቀት ነው» የሚለውን ቀልድ አንቺ እንዳትጀምሪው። ሳቅ በርካሽ ታገኚበታለሽ፤ ነገ ግን አደገኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈረመውን የፈቃድ ወረቀት ስታስፈርሚ ያው ሳቅ ይመለስብሻል።

ወደ ፎርማኑ ልምጣ። እሱ የተቀየመው ስለተነካ ብቻ አይመስለኝም። ሳይጠየቅ፣ በሚያዛቸው ሰዎች ፊት ስለተነካ ነው። ክብር ከባድ ነገር ነው፣ በተለይ ከቀን ሠራተኝነት ተነስቶ ፎርማን ለሆነ ሰው። ሂጂና አናግሪው። ጭውውቱን ከመተው ይልቅ እንዲገባበት ለምኚው። ቦታ ተለዋወጡ። እሱ ገመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ይሁን፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ፎርማን ሆኖ «ቶሎ በል!» ይበለው። ይህን ዘዴ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ፎርማኑ ከታች ሆኖ ያንን ጩኸት ሲሰማው ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይለወጣል። ሠራተኛውም ፎርማኑ ሊሳቅበት ራሱ እንደፈቀደ ያያል። ከዚህ የተሻለ አክብሮት የለም። እግረ መንገድሽን ግን ችኮላው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ፎርማኑ የሚጮኸው እሱም ስለሚጮኽበት ነው።

አሁን የምወደውን ጭውውት ልስጥሽ። ውሰጂው፣ እንደፈለግሽ አሻሽይው።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ይመጣሉ። ቁጭ በሉ ሲባሉ እምቢ ይላሉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው። ካልፈቀዳችሁልን አንቀመጥም።» ልጃቸው ማን ነው? ገመድ ነው። ሴፍቲ ቤልቱን በትሪ ላይ ሻሽ አልብሰው ይዘውት መጥተዋል። የሠራተኛው «አባት» ፎርማኑ ነው። «ምን ፈልጎ?» ይላል። «የልጃችሁን ወገብ።» አባትየው ይቆጣል። «ወገብ ብቻ አንሰጥም! ወገቡን ብቻ የያዘ ገመድ ልጃችንን ሲወድቅ ለሁለት ያጥፈዋል። ትከሻውንም ጭኑንም የሚይዝ ከሆነ እንነጋገር።»

እዚህ ላይ ሰው እየሳቀ አንድ ትልቅ ነገር ተማረ። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ የሚወድቅን ሰው ለመያዝ አይሆንም። ከፎቅ የወደቀ ሰው በወገቡ ብቻ ሲያዝ ገመዱ ራሱ አከርካሪውንና ሆድ ዕቃውን ሊጎዳው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1998 ጀምሮ ለዚህ አገልግሎት ተከልክሏል። መላ ሰውነትን የሚይዘው ነው የሚፈለገው። እኛ ጋ ግን ሁለቱንም «ሴፍቲ ቤልት» ስለምንላቸው ልዩነቱ ይጠፋል።

ቀጥሎ ዘር ቆጠራ ነው። የሠራተኛው ቤተሰብ ይጠይቃል። «መቼ ነው የተወለደው? ማን ያውቀዋል? ስፌቱ ደህና ነው? መቆለፊያው ይዘጋል?» ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እያሳዩ ይመልሳሉ። ቀበቶውን ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያየዋል። ከዚያ አንዲት አክስት ትነሳለች። «ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል?» ሽማግሌው ጉሮሮውን ይጠርጋል። «አንዴ... ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ወድቆበት ይዞታል።» «እንግዲያው አንሰጥም!» ይላል ቤቱ ሁሉ። ልክ ናቸው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ቀበቶ ዳግመኛ አይታሰርም፤ ከሥራ ይወጣል። ውስጡ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም።

የመጨረሻው ጥያቄ «ልጃችንን የት ነው የሚያኖረው?» የሚለው ነው። ሽማግሌው ከዘራውን ወደ መወጣጫው ያነሳል። «ያቺ ባሕር ዛፍ ላይ።» ጩኸቱን እዚያው ትሰሚዋለሽ። የአሜሪካ ደንብ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ለአንድ ሰው 5,000 ፓውንድ እንዲሸከም ያዝዛል። ወደ 2,270 ኪሎ ነው። በሚስማር የተያያዘ የባሕር ዛፍ አጣና ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ቤተሰቡ አይሰጥም፤ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ። ሁለተኛ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ኮለኑ (የሕንፃው ምሰሶ) ላይ ጠንካራ ማሰሪያ ተሠርቶ ይመጣሉ። ያኔ እልልታው ይቀልጣል።

ይህ ጭውውት ለምን እንደሚሠራ አስተውዪ። ማንም ሞኝ አልተባለም። አንድ ሰው ወደቀ ተብሎ አልተሳቀም። የተሳቀው በወጉና በአጋጣሚው ነው። ቀበቶው የሚመረመርበት ዝርዝር በሙሉ ግን ውስጡ አለ። ሠራተኛው ነገ ጠዋት ቀበቶውን ሲያነሳ «ከዚህ በፊት አግብተሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። እየሳቀም ቢሆን ስፌቱን ያያል።

ጭውውት በየሳምንቱ አይቻልም። ለሌሎቹ ጠዋቶች እንቆቅልሽ ይበቃል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ገና «እንቆቅልሽ» ስትዪ ሰው ሁሉ ሳያስበው «ምን አውቅልህ» ይላል። ጥቂት ልስጥሽ።

ጠዋት ይዘውት ይገባሉ፣ ምሳ ሰዓት ይቀመጡበታል፣ ማታ ይዘውት ይወጣሉ፤ ሥራውን ግን አንድ ቀን አልሠራም። ሄልሜት።

ከጫካ ተወለደ፣ በሚስማር አደገ፣ ሰው አዝሎ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። መወጣጫው።

ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ምግብ ሰጥተውት አያውቅም፣ ሰው ግን ይውጣል። ያልተከደነ ጉድጓድ።

መልሱን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ አገር በመስጠት ፈንታ ከሳይቱ አንድ አደገኛ ቦታ ይጠቁም። እዚያ ላይ ጨዋታው ወደ ፍተሻ ይለወጣል።

ድምፅ ያለው ልጅ ካለ ደግሞ «ተቀበል» አለልሽ። አዝማሪ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ግጥሙን ሠራተኞቹ ራሳቸው ያምጡ። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

እናቱም አትደርስ፣ ወንድሙም አይመጣ፣
ገመድ ነው ዘመዱ ፎቅ ላይ ለወጣ።

ለዛሬ ብቻ ብሎ ያለ ገመድ ወጥቶ፣
ነገን ረሳት እንዴ ልጁን ቤት ትቶ።

ሁለተኛው ግጥም ከባድ ነው። ሐዘንተኛ ባለበት አታስብዪው።

የማትነኪያቸው ነገሮች አሉ። የማንንም የአነጋገር ዘዬ አታስመስዪ። «የገጠር ልጅ» ቀልድ ሳቅ ያመጣል፣ ግን ከሁሉ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠውን፣ አዲስ የመጣውን ልጅ ዝም ያሰኘዋል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ «ይሄ ጣውላ ይንቀጠቀጣል» ብሎ አይነግርሽም። ሲሚንቶና ጡብ በሚሸከሙት ሴቶች ላይ የሚወረወረውን ቀልድም አንቺ ጀምረሽ አቁሚው። አደጋ በደረሰበት ሰሞን ምንም ቀልድ የለም። እሳት ሲነሳ በየት እንደሚወጣ፣ መብራት ማን እንደሚያጠፋ፣ አምቡላንስ ማን እንደሚጠራ፣ እነዚህን በቀጥታ ተናገሪ። ሰው በጭንቅ ሰዓት ቀልዱን አስታውሶ ቅደም ተከተሉን ቢረሳስ?

ሌላ የማሳስብሽ ነገር የሄልሜቱ ጉዳይ ነው። የሴፍቲ ጭውውት ሁሉ ስለ ሄልሜት ነው፤ ለማሳየት ስለሚቀል ይመስለኛል። ሄልሜት ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው። ከ5ኛ ፎቅ የወደቀን ሰው አያድነውም። በሙያችን የመከላከያ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ወይም በሌላ መተካት ነው። ካልተቻለ መከለል፣ አጥር ማድረግ፣ መክደን። ቀጥሎ የአሠራር ሥርዓት። ሰውየው ላይ የሚደረገው ሄልሜት፣ ጓንትና ቀበቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቀልድሽ በሙሉ መጨረሻው ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሳታስቢው «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» እያልሽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የመከላከያ ዕቃ ማቅረብና ስለ አደጋው ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። የሠራተኛው ግዴታ ቀጥሎ በአንቀጽ 93 ይመጣል። ቀልድሽም ይህን ቅደም ተከተል ይከተል። መጋዘን ውስጥ ስንት ቀበቶ አለ? 12 ቀበቶ ኖሮ 30 ሰው ከፍታ ላይ የሚሠራ ከሆነ ያንን ሳታስተካክዪ «ቀበቶ እሰሩ» ብለሽ ብትቀልጂ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ የሚስቁት ግን በሌላ ምክንያት ነው።

መሥራት አለመሥራቱን በምን ታውቂያለሽ? በሳቅ አትለኪው። ለጥቂት በተረፉ ሰዎች ወሬ ለኪው። ሠራተኛው ራሱ መጥቶ «ትናንት እኮ ለጥቂት ተረፍኩ» ብሎ ሲነግርሽ ቀልድሽ ሠርቷል። አርብ አርብ አምስት ደቂቃ ስጪ። «ለጥቂት የተረፈ ማን አለ?» በይ። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ መሳቅም ማሳቅም ይችላል፤ ተርፏልና። ያ ብረት ሠራተኛም ይህን ቁጭ ብሎ መስማት የሚችል ይመስለኛል። ያላስቻለው ሌላ ሰው የሞተውን ሲጫወትበት ነው። የተነገረውን ሁሉ ጻፊው። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደጎደለ። ሦስት ሰው ስለ አንድ ጣውላ ካወራ ያ ጣውላ በዚያው ቀን ይለወጥ። ተናግሮ የተስተካከለለት ሰው በሚቀጥለው አርብ ሁለት ጓደኛ ይዞ ይመጣል።

የቀረኝ የሊፍት ጉድጓዱ ነው። በእሱ ላይ አትቀልጂ። እንቆቅልሹንም ለሌላ ጊዜ አቆይው። ሁላችሁም የምታውቁትን፣ እስካሁን ያልተከደነ ጉድጓድ በቀልድ ካነሳሽው ሠራተኛው ከእሱ ጋር መኖርን ይለምዳል። «ያ የሚውጠው ጉድጓድ» ብለው ስም ያወጡለታል፣ በአጠገቡም ማለፋቸውን ይቀጥላሉ። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት 5ኛ ፎቅ ውጪ። ዙሪያውን በአጥር ዝጊው። ጣውላ ከሌለ በዚያ ፎቅ ሥራ አቁሚ። ለፕሮጀክት ማናጀሩ ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ በጽሑፍ አስገቢ፤ ኮፒውን አንቺ ጋ አስቀሪ። ክዳኑ በሚስማር ተመትቶ፣ «ጉድጓድ ነው፣ አታንሱ» ተብሎ በቀይ ቀለም ይጻፍበት፤ ማንበብ ለማይችለው ምልክት ይሳልበት። ያ ብረት ሠራተኛ በዚያ በኩል ሲያልፍ ክዳኑን ይየው።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን ላኪ።